በሩ የማን ነው? የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ዲጂታል አገልግሎቶችና «በፌስቡክ ግባ» የሚለው ቁልፍ

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ያለ ቪፒኤን የማይከፈቱ ሆኑ። ገደቡ እስከ ሐምሌ ወር ድረስ ለአምስት ወራት ገደማ ዘለቀ። በወቅቱ ሰፊ መነጋገሪያ የነበረው መረጃ መለዋወጥ፣ ማስታወቂያ መሥራትና ከዘመድ ወዳጅ ጋር መገናኘት መስተጓጎሉ ነው። ብዙም ያልተወሳ ሌላ መዘዝ ግን አለ። ደንበኞቹን «በፌስቡክ ግባ» በሚለው ቁልፍ ብቻ የሚያስገባ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ፣ እርሱ ራሱ ሳይታገድ በሩ ከውጭ ይዘጋበታል። ሱቁ ክፍት ነው፣ ዕቃውም በመደርደሪያው ላይ ነው፤ ቁልፉ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ከተሞች የተለየ ትርጉም አለው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከመዲናዋ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ባቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የብዙ ነዋሪዎቻቸው ኑሮ ግን በሁለት አስተዳደሮች መካከል የተከፈለ ነው፤ ቤታቸውና የቀበሌ ጉዳያቸው በአንዱ፣ ሥራቸው፣ ባንካቸውና የልጆቻቸው ትምህርት ደግሞ በሌላው ይሆናል። እንዲህ ላለ ነዋሪ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ የአንድ ቀን ምልልስና የትራንስፖርት ወጪ ያስቀራል። ወደዚያ አገልግሎት የሚያስገባው በር የት እንደተሠራና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅም የዚያኑ ያህል ተገቢ ነው።

ከደብዳቤ የማይለይ አሠራር

በሦስተኛ ወገን አካውንት የመግባት ሥርዓት ሲታይ የረቀቀ ቢመስልም፣ ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ ባለጉዳይ እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋል። መሥሪያ ቤቱ የባለጉዳዩን የቤት ቁልፍም ሆነ ሙሉ ማኅደሩን አይጠይቅም፤ የሚያየው ደብዳቤውን ነው። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ቀን አለው፣ ለማን እንደተጻፈም በግልጽ ተመልክቶበታል።

«በጎግል ግባ» ወይም «በፌስቡክ ግባ» የሚለው ቁልፍ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ተጠቃሚው ቁልፉን ሲጫን መተግበሪያው ወደ ጎግል ወይም ወደ ፌስቡክ ገጽ ይመራዋል። የይለፍ ቃሉን የሚያስገባው እዚያ እንጂ በመተግበሪያው ላይ አይደለም። ኩባንያው ሰውየውን ካወቀ በኋላ ቶክን የሚባል፣ ማኅተም ያለበትና ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ዲጂታል ደብዳቤ ለመተግበሪያው ይሰጠዋል። በደብዳቤው ላይ የባለቤቱ መለያ ቁጥር፣ እንደ ፈቃዱ ስሙና ኢሜይሉ፣ እንዲሁም ደብዳቤው የተጻፈለት መተግበሪያ ስም ይሰፍራል።

ፌስቡክ ይህን አገልግሎት ለሌሎች ድረ ገጾች ያቀረበው እ.ኤ.አ በ2008 ነበር። ለፈቃድ አሰጣጡ መሠረት የሆነው ኦኦዝ 2.0 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ በ2012፣ በእርሱ ላይ የተገነባውና ማንነትን ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ኦፕን አይዲ ኮኔክት ደግሞ እ.ኤ.አ በ2014 ወጥተዋል። ቴሌግራም እ.ኤ.አ በ2018 የራሱን የመግቢያ ቁልፍ ለድረ ገጾች ሲያቀርብ፣ አፕል በቀጣዩ ዓመት ተከትሏል።

የአሠራሩ ጥቅም እውነተኛ ነው። ለአሥር አገልግሎት አሥር የይለፍ ቃል መያዝ የሰለቸው ተጠቃሚ አንዱን በሁሉም ላይ ይደግመዋል፤ አንዱ ሲሰረቅም ሁሉም ይከፈታሉ። በሦስተኛ ወገን መግባት ይህን አደጋ ይቀንሳል፤ አነስተኛ ድርጅትም የሺዎችን የይለፍ ቃል በራሱ ሰርቨር የማስቀመጥ ሸክም ይቀርለታል። ሰበታ ከሀገሪቱ ቀደምት የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ናት። በስልኩ ድምፅ አንባቢ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር፣ ረጅም ቅጽ ከመሙላትና በሥዕል የተደበቀ ፊደል ከመገመት ይልቅ አንድ ቁልፍ መጫን ትልቅ እፎይታ ነው።

አካውንቱ የማን ነው?

አሠራሩ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይገምታል፦ ተጠቃሚው የራሱ የሆነ፣ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውና ሲጠፋበት መልሶ የሚያገኘው አካውንት እንዳለው። ይህ ግምት በሁሉም ዘንድ አይሠራም።

አንድሮይድ ስልክ የሚገዙ ብዙ ሰዎች የጂሜይል አካውንታቸውን ራሳቸው አይከፍቱም። ስልኩን የሸጠው ወይም የጠገነው ሱቅ ባለቤት ከፍቶ ያስረክባቸዋል። የይለፍ ቃሉን ያወጣው ባለሱቁ ነው፤ ለመልሶ ማግኛ የተመዘገበው ቁጥርም አንዳንዴ የእርሱ ይሆናል። ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ አካውንቱ አብሮ ይጠፋል። በዚያ አካውንት ላይ የፎቶግራፍ ማኅደር ብቻ ሳይሆን የቁጠባ፣ የትምህርት ወይም የውል ሰነድ የሚያስገባ በር ከተንጠለጠለ ጉዳቱ ከስልኩ ዋጋ ይበልጣል።

የፌስቡክም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። በኢሜይል ሳይሆን በስልክ ቁጥር ብቻ የተከፈተ አካውንት ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ተጠቃሚ ወደ ሌላ መተግበሪያ ሲገባ ፌስቡክ የሚሰጠው ኢሜይል የለውም። ደንበኞቹን በኢሜይላቸው ለይቶ የሚመዘግብ መተግበሪያ በዚህ ጊዜ ይደናገራል፤ ወይ ሰውየውን አያስገባም፣ ወይ በባዶ መዝገብ ይከፍትለታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጎግልም ሆነ ፌስቡክ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይልካሉ፤ መዝገቡ መቆም ያለበት በዚያ ቁጥር ላይ እንጂ ሊቀየርና ሊጎድል በሚችለው ኢሜይል ላይ አይደለም።

የስም ጉዳይም አለ። የውጭ ኩባንያዎች ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይከፍላል። ኢትዮጵያዊው ደግሞ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይመጣል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚገለገሉ ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጫላ የተባለ ሰው ስሙ በቁቤ ሲጻፍ የመጀመሪያው ድምፅ በአንድ ፊደል ይወከላል፣ ረጅሞቹ አናባቢዎችም ይደገማሉ፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ ግን ያው ድምፅ ሁለት ፊደላት ይወስዳል። በአማርኛ ሲሰፍር ሦስተኛ መልክ ይይዛል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን የሚያያቸው እንደ ሦስት ሰዎች ነው። ከፌስቡክ የመጣን ስም ከመታወቂያ ስም ጋር ፊደል በፊደል የሚያመሳክር መተግበሪያ እውነተኛውን ባለቤት ከደጅ ይመልሳል።

ሦስተኛው ወገን ሲናጋ

ሌላው ጥያቄ የሚነሳው የደብዳቤው ጸሐፊ ራሱ ችግር ሲገጥመው ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ገደማ ተቋረጡ። በዚያ ቀን በፌስቡክ አካውንት ወደ ሌሎች አገልግሎቶች ይገቡ የነበሩ ሰዎችም ደጃፍ ላይ ቀሩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ በመስከረም 2018፣ ሰርጎ ገቦች የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ቶክን መስረቃቸውን ኩባንያው አስታውቋል። መጀመሪያ የተገመተው 50 ሚሊዮን ገደማ አካውንት ነበር፤ ኋላ ላይ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ዝቅ ብሏል። ክስተቱ ያሳየው አንድ ቁልፍ ብዙ በሮችን ሲከፍት፣ የእርሱ መሰረቅም የብዙ በሮች ሥጋት መሆኑን ነው።

በኢትዮጵያ ከዚህ ላይ የግንኙነት መቋረጥ ታሪክ ይጨመራል። በ2012 ዓ.ም ማብቂያ፣ ከድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጧል። ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የትኛውም የመግቢያ ዘዴ አያድንም። በ2015 ዓ.ም እንደታየው ግን የተወሰኑ መድረኮች ብቻ ሲገደቡ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በስልክ ቁጥር የሚያስገባ መተግበሪያ ይሠራል፤ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ብቻ የሚያስገባው ይቆማል። በእንዲህ ያለ ሀገር ብቸኛውን በር በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መሥራት የቴክኒክ ምርጫ ብቻ ሳይሆን በደንበኛው ጉዳይ ላይ የሚወሰን ውሳኔ ነው።

ስልክ ቁጥርም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። በሀገር ውስጥ መተግበሪያዎች የተለመደው በአጭር መልዕክት የሚላክ ኮድ ለላኪው ድርጅት በእያንዳንዱ መልዕክት ወጪ አለው፤ ኔትወርክ ሲደክም ይዘገያል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥርም ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ አዲሱ ባለቁጥር የቀድሞውን ሰው ኮድ ይቀበላል ማለት ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል። አንዱ በር ሲዘጋ ሁለተኛው የሚከፈትበት አሠራር ከየትኛውም ብቸኛ በር ይሻላል።

ፋይዳ፦ አካውንትን ሳይሆን ሰውን የሚያውቅ በር

በዚህ መካከል ሀገራዊ የሆነ ሌላ መግቢያ እየተዘረጋ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ምዝገባውም የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ያካትታል። ፕሮግራሙ 90 ሚሊዮን ሰዎችን የመመዝገብ ዕቅድ የያዘ ሲሆን፣ የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2023 ለዚሁ ሥራ የ350 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል። የብሔራዊ ባንክ ውሳኔ ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን አስገዳጅ አድርጓል። ባንኩ አዲስ አበባ የሆነ የቡራዩ ወይም የሱሉልታ ነዋሪ ጉዳዩን በቅርብ ያውቀዋል።

ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ምንጭ ሥርዓት እ.ኤ.አ በ2018 በሕንድ ባንጋሎር የተጀመረ ነው። ለመግቢያ ያዘጋጀው ክፍልም ጎግል የሚጠቀምበትን ያንኑ ኦፕን አይዲ ኮኔክት የተባለ ደረጃ ይከተላል። ስለዚህ «በጎግል ግባ» የሚለውን ቁልፍ መሥራት የተማረ የሰበታ ወጣት ባለሙያ፣ ከፕሮግራሙ ጋር ለተዋዋለ ተቋም የመታወቂያ መግቢያ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ዕውቀት አብዛኛውን ይዟል። የደብዳቤው ቅርጽ አንድ ነው፤ የተለወጠው ጸሐፊው ነው።

ሁለቱ ደብዳቤዎች የሚሉት ነገር ግን በእጅጉ ይለያያል። የፌስቡክ ደብዳቤ «ይህ ሰው የዚህ አካውንት ባለቤት ነው» ይላል። ባለአካውንቱ በእውነት ያ ስም ያለው ሰው ስለመሆኑ ዋስ አይሆንም። የፋይዳ ደብዳቤ «ይህ ሰው እርሱ ነው» ይላል። ይህን ልዩነት መዘንጋት በሁለት አቅጣጫ ይጎዳል። የመሬት፣ የብድር ወይም የውል ጉዳይ በፌስቡክ አካውንት ብቻ የሚፈጸም ከሆነ፣ የሌላውን ስምና ፎቶ ለጥፎ ገጽ የከፈተ ሁሉ ባለጉዳይ ይሆናል። ምግብ ለማዘዝ ወይም የስፖርት ዜና ለማንበብ ፋይዳ የሚጠየቅ ከሆነ ደግሞ፣ የዜጋው ጥብቅ ማንነት በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ይበተናል።

የግላዊነት ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። አንድ ሰው በፌስቡክ ወደ ሌላ መተግበሪያ በገባ ቁጥር ኩባንያው የትኛውን አገልግሎት መቼ እንደተጠቀመ ያውቃል። በሌላ በኩል አንድ የመንግሥት ቢሮ አገልግሎቱን በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ቢሰጥ፣ ነዋሪው በገጹ ላይ የሚጽፈው አስተያየትና በቢሮው ያለው ጉዳይ በአንድ ክር ይታሰራሉ። ሐሳቡን በነፃነት የሚገልጽ ዜጋ የውኃ መስመር ሲጠይቅ ይህን እንዲያስብ የሚያስገድደው ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከመውጣቱ በፊት ይህ ሁሉ ለአልሚው በጎ ፈቃድ የተተወ ነበር ማለት ይቻላል። አዋጁ መረጃ ለተገለጸ ዓላማ ብቻ፣ ለዓላማው በሚበቃ መጠንና በባለቤቱ ፈቃድ ወይም በሌላ ሕጋዊ ምክንያት እንዲሰበሰብ ያዛል። ወደ ውጭ ሀገር የሚተላለፍ መረጃንም በቅድመ ሁኔታ ያስራል። የመቆጣጠር ሥልጣኑ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ከዚህ አንጻር ለመግቢያ ስምና መለያ ቁጥር በቂው ሆኖ ሳለ የጓደኛ ዝርዝርን፣ የልደት ቀንንና ፎቶን አብሮ የሚጠይቅ መተግበሪያ «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» በሚል መከራከሪያ አያመልጥም። ጎግል፣ ፌስቡክና አፕልም በበኩላቸው ግልጽ የግላዊነት መግለጫ ይጠይቃሉ። አፕልና ጎግል በመደብሮቻቸው የሚቀርብ፣ አካውንት የሚያስከፍት መተግበሪያ ተጠቃሚው አካውንቱን የሚሰርዝበት መንገድ እንዲኖረው ያስገድዳሉ። አፕል ከዚህ አልፎ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት የሚያስገባ መተግበሪያ የተጠቃሚውን ግላዊነት የሚጠብቅ ሌላ መግቢያም እንዲያቀርብ ይፈልጋል።

ከሥራው ቦታ

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ግን በሕግ ሳይሆን በሥራው ዝርዝር ላይ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤውን አለማንበብ ነው። ከስልኩ የመጣው ቶክን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ማኅተሙ፣ የሚያበቃበት ጊዜና የተጻፈለት መተግበሪያ መረጋገጥ አለበት። ለሌላ መሥሪያ ቤት የተጻፈን ደብዳቤ የሚቀበል ቢሮ እንደሌለ ሁሉ፣ ለሌላ መተግበሪያ የተሰጠን ቶክን የሚቀበል ሰርቨርም ሊኖር አይገባም። ይህን የዘለለ ሥርዓት፣ አንድ አጭበርባሪ በራሱ መተግበሪያ የሰበሰበውን የሰው ቶክን ይዞ ሲመጣ በሩን ይከፍትለታል።

ሁለተኛው ምስጢርን በስልክ ውስጥ መደበቅ ነው። በድረ ገጽ አሠራር ድርጅቱ ከጎግል ወይም ከፌስቡክ ጋር የሚነጋገርበት የምስጢር ቁልፍ በሰርቨሩ ይቀመጣል። ያንኑ ቁልፍ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ መክተት ለሕዝብ እንደ መበተን ይቆጠራል፤ የመተግበሪያ ፋይል በብሉቱዝና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት አካባቢ ፈትቶ የሚያይ አይጠፋም። ለስልክ የተዘጋጀው መንገድ ለእያንዳንዱ መግቢያ አዲስ ጊዜያዊ ምስጢር የሚፈጥረው ነው። የመግቢያ ገጹም በስልኩ ብሮውዘር መከፈት አለበት፤ በመተግበሪያው ውስጥ በተከተተ መስኮት የሚቀርብን የመግቢያ ጥያቄ ጎግል አይቀበልም።

ሦስተኛው በአልሚው ስልክ ላይ የሠራ ሁሉ በደንበኛው ላይም ይሠራል ብሎ ማመን ነው። በአንድሮይድ ላይ ጎግል መተግበሪያውን የሚያውቀው በፊርማው አሻራ ነው። መተግበሪያው በፕሌይ ስቶር ሲለቀቅ መደብሩ በራሱ ቁልፍ ስለሚፈርምበት አሻራው ይለወጣል። አዲሱ አሻራ ካልተመዘገበ በቢሮ ሲሠራ የሰነበተው ቁልፍ በተመረቀ ማግስት ለደንበኛው «አልተሳካም» ይላል። የጎግል አገልግሎት የሌላቸው ስልኮችም አሉ፤ ለእነርሱ ያ ቁልፍ ከመጀመሪያውም በር አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን መዝገቡ የድርጅቱ የራሱ መሆን አለበት። ደንበኛው በድርጅቱ መዝገብ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ የጎግል፣ የፌስቡክ፣ የስልክና፣ ሲያስፈልግ ብቻ፣ የፋይዳ መግቢያዎች በዚያ ቁጥር ላይ የሚሰኩ ቁልፎች ይሁኑ። አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይገባል፤ አዲስ ሲመጣ ይጨመራል፤ የማይፈልገውን ራሱ ይነቅላል። ሁለተኛ ቁልፍ እንዲያክል የሚጠየቀውም በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምንም ሳይጠፋ ነው። ስልኩ በታክሲ ውስጥ ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ ምክር ለማንም አይረባም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዲጂታል አገልግሎት ለመዘርጋት የሚነሳ ቢሮ፣ ማኅበር ወይም የግል ድርጅት ጨረታ ሲያወጣም ሆነ ባለሙያ ሲቀጥር ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ገጹ ውበትና ስለ ዋጋው ነው። በውሉ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢጨመሩ የብዙ ነዋሪ ጉዳይ ከመንገድ አይቀርም፦ ፌስቡክ ነገ ባይከፈት ደንበኛው በምን ይገባል? ስልኩ የጠፋበት ሰው መዝገቡን በስንት ቀን ያገኛል? ከአካውንቱ የተወሰደውስ መረጃ ለሥራው ከሚያስፈልገው ይበልጣል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የሌለው መተግበሪያ ቁልፉን ለሌላ ሰው ትቶ የተከፈተ ቢሮ ነው።